የነቢያትን ቃል እንደ ቅኔ ማዳመጥ



የነቢያት መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በትምህርት ክፍል ሲነበቡ ከብዙ ምእመናን ዘንድ አንድ ዐይነት አቤቱታ ይሰማል። ቃሉ ከባድ ነው ይባላል፤ ነቢዩ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል ይባላል፤ ከቍጣ ወደ ልቅሶ፣ ከልቅሶ ወደ ተስፋ በድንገት ይሸጋገራል ይባላል። ከዚህም የተነሣ ንባቡ እስኪያልቅ በትዕግሥት ይጠበቃል እንጂ በጥሞና አይደመጥም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ቢሆኑ ከነቢያት መካከል ስለ መሲሑ መምጣት የሚናገሩትን ጥቂት ቍጥሮች ለይተው ያስተምራሉ፤ የቀረውን ግን አልፈውት ይሄዳሉ።

የዚህ ችግር አንዱ ምክንያት ነቢያት ከተናገሩት ቃል እጅግ የሚበዛው ቅኔ መሆኑን መዘንጋት ነው። ኢሳይያስ፣ ኤርምያስ፣ ሆሴዕ፣ አሞጽ፣ ሚክያስ፣ ናሆም፣ ዕንባቆም አብዛኛውን መልእክታቸውን ያስተላለፉት በግጥም ነው። ቅኔን እንደ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ቃሉን ያገኛል፤ ኀይሉን ግን አያገኝም። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታውቃለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጡት "ዲቪኖ አፍላንቴ ስፒሪቱ" በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው "ዴይ ቬርቡም" በተሰኘው ድንጋጌ በ12ኛው አንቀጽ፣ ቅዱሳን ጸሐፍት ሊናገሩ የፈለጉትን ለመረዳት የተጠቀሙበትን የአጻጻፍ ስልት መመርመር እንደሚገባ አስተምረዋል። ታሪክ እንደ ታሪክ፣ ሕግ እንደ ሕግ፣ ቅኔም እንደ ቅኔ ሊነበብ ይገባል። እንግዲህ የነቢያት ቅኔ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ይህም አሠራር ከእኛ ከሰሚዎቹ ምን እንደሚጠይቅ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንመለከታለን።

ቤት የሚመታው ሐሳብ ነው

በእኛ አገር ግጥም ሲባል ሰው አስቀድሞ የሚጠብቀው ቤት መምታትን ነው። የአንዱ ስንኝ መድረሻ ከሚቀጥለው መድረሻ ጋር ካልገጠመ "ቤት አልመታም" ይባላል። የግእዙም ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቤቱን የሚመታው በድምፅ ነው። የዕብራይስጡ የነቢያት ቅኔ ግን በዚህ ሕግ አይመራም። በድምፅ መግጠም አልፎ አልፎ ይገኝበት ይሆናል እንጂ መሠረቱ አይደለም። መሠረቱ የሐሳብ መግጠም ነው። አንዱ ስንኝ በሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም በሦስት አጫጭር ሐረጎች ይከፈላል። የመጀመሪያው ሐረግ አንድ ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው ሐረግ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ያጸናዋል፣ ወይም ተቃራኒውን አጠገቡ በማቆም ያጎላዋል፣ ወይም ከነበረበት ወደ ፊት ይገፋዋል።

ይህን አሠራር ከጥንት ጀምሮ ያስተዋሉ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጐመውና እ.ኤ.አ. በ420 ያረፈው ቅዱስ ሄሮኒሞስ የነቢያቱን ቃል በአጫጭር መስመሮች ከፋፍሎ ጽፎታል፤ አንባቢው በቀላሉ እንዲረዳው ብሎ ያደረገው ነው። በኋላም ሮበርት ሎውዝ የተባለ እንግሊዛዊ ካህን በኦክስፎርድ ስለ ዕብራውያን ቅዱስ ቅኔ ያስተማረውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1753 በላቲን አሳተመ፤ የሐረጎቹንም መተያየት በሦስት መደበው፦ የሚመሳሰሉ፣ የሚቃረኑና የሚደጋገፉ ብሎ። በእኛ ዘመን ደግሞ ጄምስ ኩግል እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሮበርት ኦልተርም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጧቸው መጻሕፍት ነገሩን አንድ ርምጃ ወደ ፊት ወሰዱት። እንደ እነርሱ አስተያየት ሁለተኛው ሐረግ ባዶ ድግግሞሽ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ያጠብቃል፣ ያጠራል፣ ወደ ሰሚውም ያቀርበዋል።

ከኢሳይያስ መጽሐፍ መጀመሪያ ምሳሌ እንውሰድ። ነቢዩ በምዕራፍ አንድ ቍጥር ሦስት ላይ አራት ነገሮችን በሁለት ጥንድ ያሰልፋል፦ በሬና አህያ፣ እስራኤልና የእግዚአብሔር ሕዝብ። በሬው የሚያውቀው የገዛውን ባለቤቱን ነው። አህያው የሚያውቀው ባለቤቱን እንኳ ሳይሆን ጌታው የሚያበላበትን ግርግም ነው። እንግዲህ ዕውቀቱ ከበሬ ወደ አህያ ሲወርድ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሏል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕዝቡ ነው፤ እርሱ ግን ባለቤቱንም ግርግሙንም አያውቅም። ሁለቱን ሐረጎች "አንድ ነገር ነው የሚናገሩት" ብሎ ያለፈ ሰው ይህን መውረድ አያይም። ከብት የሚያረባ ገበሬ ግን ወዲያው ያፍራል፤ ነቢዩም የፈለገው ይህንኑ ነው።

በዚህ ውስጥ የእግዚአብሔርን ቸርነት ማየት ይቻላል። በድምፅ ቤት የሚመታ ግጥም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ቤቱ ይፈርሳል፤ የአማርኛን ቅኔ ወደ ባዕድ ቋንቋ ለመመለስ የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቃል። በሐሳብ የሚገጥም ግጥም ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ቢሸጋገርም አካሉ ይጸናል። የነቢያት ቃል ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛው የሰብዐ ሊቃናት ትርጉም፣ ከዚያም ወደ ግእዝ ተሻገረ፤ ዛሬም በአማርኛ እንሰማዋለን። በዚህ ሁሉ መንገድ ሁለቱ ሐረጎች ጎን ለጎን እንደ ቆሙ ደርሰውናል። ለአሕዛብ ሁሉ ሊደርስ የታሰበ ቃል ለአሕዛብ ሁሉ ሊተረጐም በሚችል ቅኔ ተሰጠ።

ድርና ማግ

ለጉለሌ ምእመናን ይህን አሠራር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሚሠራውን ሸማ ማየት ይበቃል። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን ይወጥራል፤ ከዚያ ማጉን በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ያሳልፋል። ድር ብቻውን ፈትል ነው እንጂ ልብስ አይደለም፤ ማግም ያለ ድር የሚይዘው የለውም። የመጀመሪያው ሐረግ እንደ ድር፣ ሁለተኛው ሐረግ እንደ ማግ ነው። ነቢዩ መልእክቱን የሚሸምነው ሁለቱን በማገናኘት ነው። ጥለቱም፣ ማለት ውበቱ፣ የሚወጣው ከዚሁ መገናኘት ነው እንጂ ከላይ የሚለጠፍ አይደለም።

ይህ ምሳሌ ለቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ከሕመሙ በዳነ ጊዜ በጸለየው ጸሎት፣ በኢሳይያስ ምዕራፍ ሠላሳ ስምንት፣ ሕይወቱን ሸማኔ ሠርቶ ከሚቈርጠው ድር ጋር አመሳስሎታል። ይህ ጸሎት ደግሞ በግእዙ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ይገኛል። አባቶቻችን ከመቶ ኀምሳው መዝሙር ቀጥለው ጸሎተ ነቢያት የተባሉትን ዐሥራ አምስት ጸሎቶች አስቀምጠዋል፤ ከእነርሱም መካከል የሕዝቅያስ፣ የዮናስ፣ የዕንባቆምና የኢሳይያስ ጸሎቶች፣ የእመቤታችንም የምስጋና ጸሎት ይገኙበታል። ስለዚህ የነቢያት ቅኔ በአገራችን በመጽሐፍ ዐዋቂዎች ጠረጴዛ ላይ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ዳዊት ደጋሚው ሁሉ በአፉ የሚያመላልሰው ጸሎት ነው።

በዚያው መጽሐፍ መዝሙር 118ን የደገመ ሰው አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የዕብራይስጥ ፊደላትን ስም ያገኛል። እነዚህ ስሞች ጌጥ አይደሉም። በዕብራይስጡ የእያንዳንዱ ክፍል መስመሮች በዚያ ፊደል የሚጀምሩ መሆናቸውን ያመለክታሉ። ሰቆቃወ ኤርምያስም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ሃያ ሁለቱን ፊደላት ተከትለው ተደርድረዋል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ስንኝ ተሰጥቷል፤ አምስተኛው ምዕራፍ ፊደላቱን ባይከተልም ቍጥሩ ሃያ ሁለት ነው። ከተማው ፈርሶ፣ መቅደሱ ተቃጥሎ፣ ሕዝቡ ተማርኮ ሳለ ነቢዩ ልቅሶውን በሥርዓት አኖረው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ድረስ ያልተለቀሰለት ሐዘን እንዳይቀር፣ ሐዘኑም ወሰን እንዲኖረው አደረገ። በሰሙነ ሕማማት ይህን መጽሐፍ የሚሰማ ሰው፣ ሐዘንን በእግዚአብሔር ፊት በሥርዓት ማቅረብም ጸሎት መሆኑን ይማራል።

አዋጅ፣ ልቅሶ፣ ሙግት

ነቢያት አዲስ አነጋገር ከሰማይ አውርደው አልተናገሩም። ሕዝቡ በአደባባይ፣ በለቅሶ ቤትና በዳኛ ፊት የሚያውቀውን አነጋገር ወስደው በእግዚአብሔር ቃል ሞሉት። እነዚህንም አነጋገሮች እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙ ሕዝቦች ይልቅ በቀላሉ እናውቃቸዋለን።

የመጀመሪያው የመልእክተኛ አነጋገር ነው። ነቢዩ ንግግሩን ሲጀምር የሚናገረው የራሱን ሳይሆን የላኪውን ቃል መሆኑን ያስታውቃል። በአገራችን ነጋሪት ተጐስሞ፣ ሕዝቡ እንዲሰማ ተጠርቶ አዋጅ ሲነገር፣ አዋጅ ነጋሪው ከቃሉ አንዲት እንኳ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ አይችልም ነበር። ነቢዩም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በንባቡ ውስጥ "እኔ" የሚለው ማን እንደ ሆነ፣ ነቢዩ ነው ወይስ እግዚአብሔር፣ በየጊዜው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ልቅሶ ነው። የዕብራውያን የሙሾ ግጥም የራሱ ምት አለው፤ የመጀመሪያው ሐረግ ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ይላል፤ ሦስት ምት ሄዶ በሁለት ይሰበራል፤ የሚያነክስ ሰው ርምጃ ይመስላል። አሞጽ በአምስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ በዚህ ምት እስራኤልን እንደ ሞተች ድንግል ያለቅስላታል። በዚያን ጊዜ ግን መንግሥቱ አልወደቀም፤ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን ሀብትና ሰላም በዝቶ ነበር። አልቃሽ ጤነኛ ሰው ከተቀመጠበት ቤት ገብታ በስሙ ሙሾ ስታወርድለት ምን እንደሚሰማው እናስብ። የአሞጽ ሰሚዎች የደነገጡት እንዲህ ነው። ኤርምያስም በዘጠነኛው ምዕራፍ አልቃሾቹ ራሳቸው እንዲጠሩ፣ ለልጆቻቸውም ሙሾን እንዲያስተምሩ አዝዟል።

ሦስተኛው ሙግት ነው። አባቶቻችን በዳኛ ፊት ቆመው በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ክርክራቸውን በግጥም ያሰሙ ነበር። ሚክያስ በስድስተኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔርን ሙግት በዚህ ዐይነት መልክ ያቀርበዋል። ተራሮች ለምስክርነት ይጠራሉ፤ ከሳሹ እግዚአብሔር ነው፤ ግን ክሱን የሚጀምረው ምን በደልኋችሁ ብሎ በመጠየቅ፣ ከግብፅ ያወጣበትን ውለታ በመቍጠር ነው። በላቲን ሥርዓት በስቅለት ዓርብ የሚዜመው የጌታ ወቀሳ የተወሰደው ከዚህ ነው። ከዚያ ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እንደ ጨረታ እየናረ የሚሄድ ነው፦ የሚቃጠል መሥዋዕት፣ የአንድ ዓመት ጥጆች፣ በሺህ የሚቈጠሩ አውራ በጎች፣ እንደ ወንዝ የሚፈስ ዘይት፣ በመጨረሻም የበኵር ልጅ። ዋጋው ሰማይ ከደረሰ በኋላ ነቢዩ በሦስት አጭር ነገሮች ይመልሳል፦ ፍትሕን ማድረግ፣ ምሕረትን መውደድ፣ ከአምላክ ጋር በትሕትና መሄድ። ከተጠየቀው አንዱም በገበያ የሚገዛ አይደለም።

ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ደግሞ የኢሳይያስን አምስተኛ ምዕራፍ በልዩ ደስታ ይሰማዋል። ነቢዩ እንደ አዝማሪ ወዳጁ ስለ ተከለው ወይን ይዘፍናል። ሰሙ ወይን ነው፤ መሬቱ ተቈፍሯል፣ ድንጋዩ ተለቅሟል፣ ግንብ ተሠርቷል፤ ፍሬው ግን ኮምጣጣ ሆነ። ሰሚዎቹ በወይኑ ላይ እንዲፈርዱ ከተጠሩ በኋላ ወርቁ በሰባተኛው ቍጥር ይወጣል፤ ወይኑ እነርሱ ራሳቸው ናቸው። በዚያችው ቍጥር ነቢዩ ሁለት ጥንድ ቃላትን ያጋጫል። እግዚአብሔር የጠበቀው ሚሽፓጥ፣ ማለት ፍትሕ ነበር፤ ያገኘው ሚስፓሕ፣ ማለት ደም ማፍሰስ ሆነ። የጠበቀው ጸዳቃ፣ ማለት ጽድቅ ነበር፤ የሰማው ጸዓቃ፣ ማለት የተበደሉ ሰዎች ጩኸት ሆነ። ቃላቱ በጆሮ እጅግ ይቀራረባሉ፤ በትርጕም ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ነቢዩ የሚነግረን ይህን ነው፤ ከውጭ ሲሰማ ፍትሕ የሚመስል ነገር ቀርበው ሲያዩት ዐመፅ ሊሆን ይችላል። አንዲት ፊደል ብቻ ትለያቸዋለች።

አሞጽ ክበቡን እንዴት እንደ ዘጋ

ከአንድ ስንኝ አልፎ የሙሉ ንግግርን አሠራር ለማየት የአሞጽን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፎች ማንበብ ይጠቅማል። አሞጽ የቴቁሔ እረኛና የወርካ ፍሬ ሠራተኛ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ከይሁዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜኑ መንግሥት ሄዶ በቤቴል አስተማረ። ንግግሩን የጀመረው በጎረቤቶች ላይ ነው። በአንድ ዐይነት መክፈቻ፣ ሦስትና አራት ብሎ ኀጢአትን በመቍጠር፣ ደማስቆን፣ ጋዛን፣ ጢሮስን፣ ኤዶምን፣ አሞንንና ሞዓብን በየተራ ይከሳል። ሰሚዎቹ በእያንዳንዱ ክስ ይበልጥ ይስማማሉ፤ የሚከሰሰው ጠላታቸው ነውና። ሰባተኛዋ ይሁዳ ናት፤ ይህም ለሰሜን ሰዎች ደስ ያሰኛል፤ ሰባት ደግሞ የፍጻሜ ቍጥር ነው። ንግግሩ ያለቀ በመሰላቸው ጊዜ ስምንተኛው ስም ተጠራ፦ እስራኤል። በሌሎቹ ላይ ክሱ አጭር ነበር፤ በእነርሱ ላይ ግን ተዘረዘረ። ድኻን ለጥንድ ጫማ ዋጋ መሸጥ፣ በመያዣ የተወሰደ ልብስ ላይ በመሠዊያ አጠገብ መተኛት፣ በመቀጫ የተገኘን የወይን ጠጅ በአምላክ ቤት መጠጣት።

ይህ አሠራር ለዘመናት ሁሉ ይሠራል። ሰው ሁሉ ስለ ሌላው ኀጢአት የሚሰበክ ስብከት ይወዳል። ስለ ሌላው ብሔር፣ ስለ ሌላው እምነት፣ ስለ ሌላው መንደር ሲነገር አንገቱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ነቢዩ ይህን መነቅነቅ ይጠብቃል፤ ክበቡም የሚዘጋው በነቅናቂው ላይ ነው።

በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለ እኛ የተጻፈ ቃል አለ። በዘጠነኛው ምዕራፍ ቍጥር ሰባት እግዚአብሔር እስራኤልን ይጠይቃል፤ እነርሱ በእርሱ ዘንድ እንደ ኩሽ ልጆች፣ በግሪክኛውና በግእዙ እንደ ኢትዮጵያውያን፣ አይደሉምን? ይላቸዋል። ይህን ቃል በኩራት የሚጠቅስ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ መጥቀሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስንኙ በዚህ አያበቃም። ቀጥሎ የሚመጣው ሐረግ እስራኤልን ከግብፅ ያወጣ አምላክ ፍልስጥኤማውያንን ከካፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር እንዳወጣ ይናገራል። እነዚህ የእስራኤል ጠላቶች ነበሩ። የመጀመሪያውን ሐረግ ብቻ የያዘ ሰው ትምክሕት ያገኛል፤ ሁለተኛውን የሰማ ግን ጠላቱም በአምላክ እጅ የተመራ ሕዝብ መሆኑን ይማራል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ሐረግ ወስዶ ሁለተኛውን መተው የንባብ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የእምነትም ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ሐረግ በጉለሌ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አሞጽ በአምስተኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር በዓላቸውን፣ ቍርባናቸውንና መዝሙራቸውን እንደማይቀበል ተናግሮ፣ ከዚያ ፍትሕ እንደ ውሃ፣ ጽድቅም ዓመቱን ሙሉ እንደማይደርቅ ወንዝ እንዲፈስስ ይጠይቃል። የጉለሌ ሰው ይህን በሚገባ ይረዳዋል። ከእንጦጦ የሚወርዱት ወንዞች፣ ቀጨኔም ጭምር፣ በክረምት ድልድይ እስኪያስፈራሩ ድረስ ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ይቀጥናሉ። በዓል ሲመጣ የሚሞላ፣ በዓሉ ሲያልፍ የሚደርቅ ምጽዋት የክረምት ጎርፍ ነው። ነቢዩ የጠየቀው በበጋም የሚፈስሰውን ነው።

ጉለሌ የእጅ ሙያተኞች አገር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢዋ ለብዙ ዓመታት ሲሸምኑ ኖረዋል። በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ከወላጆቻቸው የተቀበሉትን ሙያ ይዘው ቆይተዋል። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከተማዋን ምጣድ አሙቀዋል። ከተማዋ የለበሰችው፣ ያበሰለችበትና የጋገረችበት ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ ነው። ሆኖም በአገራችን የእጅ ሙያተኛ ለብዙ ትውልድ ሲናቅ ኖሯል። በሚያዋርድ ስም ተጠርቷል፤ ቡዳ ተብሎ ተፈርቷል፤ ልጁን ለጋብቻ የጠየቀ ወጣት "ዘሩ ይጣራ" በሚል ቃል ተመልሷል። ሕጉ ተለውጧል፤ ዘመኑም አልፏል፤ ንቀቱ ግን ከምላስ ገና ፈጽሞ አልወጣም።

በዚህ ላይ የነቢያትን ሁለት ሐረግ እናስቀምጥ። በመጀመሪያው ሐረግ ምእመኑ በበዓል ቀን ጥለቱ ያማረ ነጭ ነጠላ ለብሶ በእግዚአብሔር ፊት ይቆማል። በሁለተኛው ሐረግ ያ ነጠላ የተሸመነው በማን እጅ ነው? ዋጋውስ ሸማኔው ልጆቹን ሊያበላበት እስኪያቅተው ድረስ ተከራክረን ያስቀነስነው ነውን? ያንኑ ሸማኔ በስሙ ሳይሆን በስድብ የምንጠራው ነውን? አሞጽ በስምንተኛው ምዕራፍ ሰንበት አልፎ ገበያ እስኪከፈት የሚቸኵሉትን፣ መስፈሪያውን አሳንሰው ሚዛኑን የሚያከብዱትን ነጋዴዎች ከስሷል። ሰንበትን አልሻሩም፤ ጠብቀውታል። የጐደላቸው ሁለተኛው ሐረግ ነበር።

እግዚአብሔር ግን ሙያተኛውን አልናቀም። ኤርምያስ በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔርን ቃል ሊሰማ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። በዚያ በጭቃና በሚሽከረከር መንኰራኵር መካከል የሕዝቦችን ዕጣ ተማረ። ኢሳይያስ በስድሳ አራተኛው ምዕራፍ እግዚአብሔርን አባት ብሎ ከጠራ በኋላ በዚያው ስንኝ ሸክላ ሠሪ ብሎ ይጠራዋል። የመጀመሪያውን ስም በፍቅር የሚጠራ ሰው ሁለተኛውን ስም ለስድብ ሊያውለው እንዴት ይችላል? ጌታችንም ወደ ዓለም በመጣ ጊዜ የጸራቢ ልጅ ተብሎ በሙያ ቤት አደገ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ንባብ ለሕዝቡ ለማስተማር ከፍተኛ ትምህርት አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ ይበቃል። የነቢያትን ክፍል ለማንበብ የተመደበ ሰው ከአንድ ቀን በፊት በድምፅ ሊያነበው ይገባል። በብዙ እትሞች ጽሑፉ እንደ ተራ ንባብ ተያይዞ ስለ ታተመ፣ ሐረጎቹን በእርሳስ መለየት ይጠቅማል። በሁለቱ ሐረጎች መካከል ጥቂት ዕረፍት፣ በስንኙ መጨረሻ ደግሞ ረዘም ያለ ዕረፍት ይደረግ፤ ሰሚው ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ሲመታው እንዲሰማ ነው።

በክፍልም ውስጥ አራት ጥያቄዎችን ማስለመድ ይቻላል። የሚናገረው ማን ነው፣ የሚነገርለትስ ማን ነው? አነጋገሩ አዋጅ ነው፣ ልቅሶ ነው፣ ሙግት ነው፣ ወይስ መዝሙር? ሁለተኛው ሐረግ በመጀመሪያው ላይ ምን ጨመረ? ክበቡ የሚዘጋው በማን ላይ ነው? ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት በፍጥነት ይመልሳሉ። አራተኛውን መምህሩ አስቀድሞ ለራሱ ሊመልሰው ይገባል፤ ለሌላው ብቻ የተመለሰ እንደ ሆነ የአሞጽ ሰሚዎች ወዳሉበት እንመለሳለንና።

የወንጌሉም በር በዚሁ ይከፈታል። እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ያቀረበችው ምስጋና በነቢያት አሠራር የተሸመነ ነው፤ ኀያላን ሲዋረዱ ትሑታን ከፍ ይላሉ፤ የተራቡት ሲጠግቡ ባለጠጎች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ገልጦ ስለ ድኾች፣ ስለ እስረኞችና ስለ ዕውራን የተነገረውን ሲያነብ፣ ቃሉ በዚያች ቀን እንደ ተፈጸመ ነገራቸው። ከትእዛዛት ታላቂቱ የትኛዋ ናት ተብሎ በተጠየቀ ጊዜም አንዲትን ብቻ ተናግሮ ዝም አላለም። እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድን ከተናገረ በኋላ ሁለተኛዋን አከለ፤ ያችም ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ናት፤ ፊተኛዋን የምትመስል መሆኗንም አስታወቀ። ሕግና ነቢያት በሁለቱ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ የተናገረው፣ ነቢያት ሁሉ በሁለት ሐረግ ሲናገሩ የኖሩትን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የመጀመሪያውን ሐረግ በመቅደስ እንደምንዘምር ሁለተኛውን በገበያ፣ በሰፈርና በቤታችን እንፈጽም። የሸማኔውን ዋጋ ሳንቀንስ እንክፈል፤ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ በክብር እንጥራ፤ ለልጆቻችን የትዳር ጓደኛ ሲመጣ ዘር ሳይሆን ምግባር እንጠይቅ። ነቢያትን ያናገረ መንፈስ ቅዱስ ለእኛ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚታዘዝም ልብ ይስጠን። በእርሱ ጸጋ የጸሎታችን ድር ከፍቅር ሥራችን ማግ ጋር ተሸምኖ፣ በመጨረሻው ቀን በፊቱ የምንቆምበት ልብስ ይሁንልን። አሜን።